የማጥኛ ቦታ በጃፓን፦ ለጃፓንኛ ቋንቋ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በጃፓን የቋንቋ ትምህርት ቤት የሚማር ሰው በሳምንት የሚያገኘው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ 20 ክፍለ ጊዜ ነው፤ ይህም ማለት ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ በቀን አራት ክፍለ ጊዜ ይማርና ቀሪው ግማሽ ቀን ለራሱ ይተውለታል ማለት ነው። ካንጂው (ከቻይና የመጣው የጃፓን ጽሕፈት ምልክት) የሚሸመደደው፣ የቤት ሥራው የሚሠራው፣ ለፈተና የሚዘጋጀውም በዚያ በቀረው ግማሽ ቀን ነው። የተማሪ መኖሪያ ግን ጠባብ ነው፤ አብሮ የሚኖረው ሰው ደግሞ ሌሊት ባይቶ (የትርፍ ሰዓት ሥራ) ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል፤ ባዶ ሆኖ ባገኘው ወንበር ይቀመጣል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሠራተኛዋ መጥታ በትሕትና ታስነሣዋለች። ለምን እንደተነሣ ሳይገባው ይወጣል፤ ሁለተኛም አይመለስም።

ይህ ታሪክ ስለተደጋገመ ነው መመሪያውን ያዘጋጀሁት። በጃፓን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር የተመደበለት ሥራ አለ፤ ባዶ መሆኑ ብቻ ለመቀመጥ ፈቃድ አይሆንም። ይህን የተረዳ ተማሪ የቀረው ሥራ ወረቀቱን በቅደም ተከተል ማሟላትና ለየትኛው ጥናት የትኛው ቦታ እንደሚሆን መለየት ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከቶኪዮ ናቸው፤ በሌሎች ከተሞችም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመነሣትዎ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

የመኖሪያ ካርድዎ ጀርባ ላይ አድራሻ መጻፉን ያረጋግጡ

ናሪታ ወይም ሃኔዳ አውሮፕላን ጣቢያ ሲደርሱ የሚሰጥዎ ዛይርዩ ካርድ አድራሻ የለውም። መኖሪያ ካገኙ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ወደ ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት፣ ማለትም ወደ ኩያኩሾ ሄደው አድራሻዎን ማስመዝገብ ግዴታዎ ነው፤ ሠራተኛውም አድራሻውን በካርዱ ላይ ያሰፍረዋል። ይህን ሳያደርጉ ወደ ቤተ መጻሕፍት ቢሄዱ መጽሐፍ መዋሻ ካርድ አያገኙም፤ በከንቱ ይመለሳሉ። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው።

የስምዎን የካታካና አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስነው አይለዋውጡት

አብዛኛው የጃፓን ቅጽ ስምዎን በካታካና፣ ማለትም የውጭ ቃላት በሚጻፉበት የጃፓን ፊደል ይጠይቃል። ካታካና ጠን ከተ፣ ቀን ከከ፣ ጨን ከቸ አይለይም፤ ለ እና ረም አንድ ይሆኑበታል። የግዕዙ የመጀመሪያ ድምፅ ደግሞ ራሱን የቻለ ምልክት ስለሌለው፣ ከበደ የሚለው ስም «ኬቤዴ»ም «ካባዳ»ም ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ትምህርት ቤቱ በመዝገቡ ላይ እንዴት እንደጻፈው ይጠይቁና በባንክም፣ በስልክ ውልም፣ በቤተ መጻሕፍትም ያንኑ ይጠቀሙ። ካርድ የጠፋብዎ ዕለት ሠራተኛዋ የምትፈልግዎ በካታካናው ነው፤ ሁለት አጻጻፍ ካለዎት አያገኙዎትም።

በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ስም ደግሞ በዛይርዩ ካርዱ ላይ በሰፈረበት ቅደም ተከተል ይገልብጡት። የአባት ስም የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ በመስኮቱ በኩል ለማስረዳት አይድከሙ፤ ወረፋው ይረዝማል እንጂ ሐሳቡ አይገባም።

የልደት ዘመንዎን በጃፓን አቆጣጠር ይወቁ

አንዳንድ ቅጽ ዓመቱን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይጠይቃል። ከ1989 ወዲህ ከተወለዱ፣ በካርድዎ ላይ ካለው የአውሮፓ ዓመት 1988ን ሲቀንሱ ሄይሴይ በሚባለው ዘመን የተወለዱበትን ዓመት ያገኛሉ፤ ስለዚህ በ2000 የተወለደ ሰው ሄይሴይ 12 ብሎ ይጽፋል። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዘን ለኖርን ሰዎች ሦስተኛው ያን ያህል አያስቸግርም።

ቦርሳዎ ውስጥ የሚገቡ ዕቃዎች

የጆሮ ማዳመጫ፣ በደንብ የሚዘጋ የውኃ ጠርሙስ፣ እርሳስና ላጲስ፣ ድምፅ የማያሰማ ሰዓት፣ እንዲሁም ሁለት የ100 የን ሳንቲም ይያዙ። ሳንቲሙ ለዕቃ መቆለፊያ ሳጥን ነው፤ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ዕቃዎን ሲያወጡ ሳንቲሙ ተመልሶ ይወድቃል። ከአገር ቤት የመጣ የኮምፒውተር ኃይል መሙያ ካለዎት በላዩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል መጻፉን ይመልከቱ፤ የጃፓን መብራት 100 ቮልት ሲሆን ሶኬቱም ሁለት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያ ነው የሚቀበለው። ክቡን እግር የሚቀይር መሰኪያ አስቀድመው ይግዙ።

አስተማሪዎ የሚጽፍልዎ ወረቀት

በሚከተሉት ቃላት ድምፅ ብቻ አይመኑ፤ በር ላይ የሚያገኟቸው በካንጂ ተጽፈው ነው። አስተማሪዎን በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፉልዎ ይለምኑና በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዙ።

– ጂሹሺትሱ፦ የራስን መጽሐፍ ይዞ የሚጠናበት ክፍል። በአንዳንድ ቦታ ጋኩሹሺትሱ ይባላል።
– ኤትሱራንሴኪ፦ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ለማንበብ ብቻ የተመደበ ወንበር።
– ጂሹ ኪንሺ፦ እዚህ የራስን ጥናት ማጥናት ክልክል ነው።
– ማንሴኪ፦ ቦታ ሞልቷል።
– ክዩካንቢ፦ ዝግ የሚሆንበት ቀን።
– ኢንሾኩ ኪንሺ፦ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው።

ደረጃ 2፦ ጥናትዎን በሦስት ይክፈሉ

አንድ ወረቀት ይውሰዱና የሳምንቱን ሥራዎን በሦስት ዓምድ ይጻፉ። በመጀመሪያው ዓምድ ያለ ድምፅ በራስዎ መጽሐፍ የሚሠሩት ይግባ፤ የካንጂ ጽሕፈት፣ የሰዋስው መልመጃ፣ የቤት ሥራ። በሁለተኛው የሌላ መጽሐፍ የሚያስፈልገው፣ ለምሳሌ ለደረጃዎ የሚመጥን ተጨማሪ ንባብ ወይም የፈተና መለማመጃ። በሦስተኛው አፍ የሚከፈትበት ሥራ፤ ከድምፅ ቅጂ ጋር አብሮ መናገር፣ የንግግር ዝግጅት፣ የዩኒቨርሲቲ ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ ልምምድ።

ከዚያ በሳምንት መቼ ነጻ እንደሚሆኑ ያስቀምጡ። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ፈቃድ አውጥቶ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ስለሚፈቀድለት የባይቶውን ፈረቃ አስቀድመው ይጻፉ። አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር፤ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ወደ ማጥኛ ክፍል አይሂዱ። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚተኛን ሰው ሠራተኞቹ ይቀሰቅሱታል፣ ሲደጋገምም ከክፍሉ እንዲወጣ ይጠይቁታል። ሁለት ሰዓት ቤት ተኝቶ አንድ ሰዓት ማጥናት ይሻላል።

የሚያዘወትሩት ቦታ በየቀኑ በሚጠቀሙበት የባቡር መስመር ላይ ቢሆን ይመረጣል። የወር ትኬት፣ ማለትም ቴይኪ ያለው ሰው በትኬቱ ክልል ውስጥ ባለ ማንኛውም ጣቢያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይወርዳል፤ ስለዚህ በቤትዎና በትምህርት ቤትዎ መካከል ያሉትን ጣቢያዎች ሁሉ በካርታ ላይ አይተው በየአጠገባቸው ያለውን ቤተ መጻሕፍት ይመዝግቡ።

ደረጃ 3፦ በትምህርት ቤትዎ ይጀምሩ

ብዙ ተማሪ የከፈለበትን ክፍል ሳያይ ይመረቃል። የማጥኛ ክፍል፣ አነስተኛ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ኮምፒውተርና የማባዣ ማሽን ያላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በመግቢያው ቀን በፍጥነት በጃፓንኛ ተነግሮ ስለሚታለፍ ጀማሪው አይሰማውም።

1. በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ቢሮው (ጂሙሺትሱ) ሄደው «ጂሹሺትሱ ዋ አሪማስ ካ» ብለው ይጠይቁ።
2. መኖሩ ከታወቀ አራት ነገር ያጣሩ፤ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? ቅዳሜ ይከፈታል? አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል? የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሰዓት በኋላ መግባት ይችላል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በትናንሽ ትምህርት ቤቶች ያው ክፍል ከሰዓት በኋላ ለሌላው ፈረቃ መማሪያ ስለሚሆን «አለ» የተባለው ክፍል ለእርስዎ ፈረቃ ላይኖር ይችላል።
3. የማጥኛ ክፍል ከሌለ «አኪ ክዮሺትሱ» ይጠይቁ። ትምህርት የሌለበት ባዶ ክፍል ማለት ነው፤ አስተማሪ ከፈቀደ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣል።
4. የመጻሕፍት መደርደሪያው የሚዋስ መሆኑን ይጠይቁ። የሚዋስ ከሆነ በመዝገቡ ላይ ሳይፈርሙ አንድም መጽሐፍ አያውጡ።
5. ሲወጡ ወንበሩን ወደ ቦታው ይመልሱ፣ ሰሌዳ ከጻፉ ያጥፉ፣ መብራትና አየር ማቀዝቀዣ ይዝጉ። ባዶ ክፍል የሚሰጥዎ በእምነት ስለሆነ አንድ ጊዜ አየር ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሲሠራ ካደረ ሁለተኛ አይሰጥዎትም።

ችግር ቢያጋጥም

ክፍሉ በወሬ የተሞላ ከሆነ ተማሪዎቹን በቀጥታ አይገሥጹ፤ ለቢሮው ይናገሩ። ከአንድ አገር የመጡ ተማሪዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማውራት ሲጀምሩ የማጥኛ ክፍሉ ወደ ሳሎንነት ይለወጣልና ከራሳችንም ሰዎች ጋር ሲሆኑ ይህንኑ ያስታውሱ። እኔ በአማርኛ እያወራን ስንስቅ ከተመለከተችን አስተማሪ ያገኘሁት ዝምታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ትምህርት ቤቱ ዝግ የሚሆንባቸውን ወቅቶችም አስቀድመው ይመዝግቡ፤ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለው የበዓላት ሳምንት (በአውሮፓ አቆጣጠር)፣ በነሐሴ አጋማሽ ያለው የኦቦን (የሙታን መታሰቢያ) በዓል ሰሞን፣ እንዲሁም የዓመቱ ማለቂያ። ለእነዚህ ቀናት ከታች ያሉትን ቦታዎች ያዘጋጁ።

ደረጃ 4፦ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መመዝገብ

ቶሾካን የሚባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ክፍያ የለውም፣ መጽሐፍ ለመዋስም አይከፈልም። ለመግባትና ለማንበብ መታወቂያ አይጠየቁም፤ ካርድ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ለመዋስ፣ በአንዳንድ ቦታም ወንበር ወይም ኮምፒውተር ለማስያዝ ነው።

1. ከመሄድዎ በፊት የሚዘጋበትን ቀን ያረጋግጡ። ብዙዎቹ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ሰኞ በዓል ከሆነ ደግሞ ከፍተው ማክሰኞ የሚዘጉ አሉ። ከዚህ ሌላ መጻሕፍት የሚቆጠሩበት ትልቅ እረፍት አለ፤ ቶኩቤትሱ ሴይሪ ኪካን ይባላል፤ ቤቱን ለበርካታ ተከታታይ ቀናት ይዘጋዋል። የሰፈርዎን ቤተ መጻሕፍት ዓመታዊ ቀን መቁጠሪያ በነጻ ስለሚሰጡ አንድ ይውሰዱ።
2. ዛይርዩ ካርድዎን ይዘው ወደ መስተንግዶው ይቅረቡና «ካዶ ኦ ትሱኩሪታይን ዴስ ጋ» ይበሉ። የሚኖሩት በሌላ ክፍለ ከተማ ሆኖ የሚማሩት በዚያ ከሆነ የተማሪ መታወቂያዎን ይጨምሩ፤ በአካባቢው ለሚኖሩ ብቻ ሳይሆን ለሚሠሩና ለሚማሩም ካርድ የሚሰጡ ብዙ ናቸው።
3. ቅጹን በካርድዎ ላይ ባለው አድራሻ ይሙሉ። የሕንጻውን ስምና የክፍል ቁጥሩን አይዝለሉ።
4. ካርዱ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይሰጥዎታል። የመዋሻውን ጊዜ (አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት)፣ የመጽሐፉን ብዛትና ማራዘም መቻልዎን ይጠይቁ።

ችግር ቢያጋጥም

«አድራሻዎ አይታይም» ከተባሉ ካርዱን ገልብጠው ጀርባውን ያሳዩ። ቤት ቀይረው አዲሱን አድራሻ ካላስመዘገቡ ግን መጀመሪያ ኩያኩሾ ይሂዱ፤ እዚያው መስኮት ላይ ቆሞ መከራከር አይጠቅምም። ካርድ ቢጠፋ «ካዶ ኦ ናኩሺቴ ሺማይማሽታ» ብለው ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ ሌላ ሰው መጽሐፍ ቢያወጣበት የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

የትኛው ቤተ መጻሕፍት?

በሺንጁኩና በታካዳኖባባ አካባቢ የሚማሩ ተማሪዎች የሺንጁኩ ክፍለ ከተማ የኦኩቦ ቤተ መጻሕፍትን ይሞክሩ፤ የውጭ ዜጎች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር ስለሚገኝ በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍት አሉት፣ ሠራተኞቹም ጃፓንኛው የሚሰባበር ሰው ለምደዋል። በካቡኪቾ ያለው የሺንጁኩ የብዝኃ ባህል ፕላዛም ጃፓንኛ የሚያጠኑበት ስፍራ አለው። ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው በሚኖሩበት በካትሱሺካ ክፍለ ከተማ ያላችሁ ደግሞ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍቱን ከካናማቺ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ታገኙታላችሁ።

በሚናቶ ክፍለ ከተማ፣ በአሪሱጋዋ መናፈሻ ውስጥ ያለው የቶኪዮ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ነው፤ ሂሮኦ ጣቢያ ወርደው በእግር ይደርሱበታል። ለግለሰብ ግን መጽሐፍ አያውስም። በናጋታቾ ያለውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለቤት ሥራ አይምረጡት፤ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ክፍት ቢሆንም መጻሕፍቱ በትእዛዝ ከመጋዘን የሚወጡበት የምርምር ቤት ነው።

ደረጃ 5፦ ወንበር መያዝ

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ቀስ ብለው ያንብቡት።

1. ከመቀመጥዎ በፊት ጠረጴዛው ላይ ወይም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። «ጂሹ ኪንሺ» የሚል ካለ የትምህርት ቤት መጽሐፍዎን አይክፈቱ። ወንበሩ ኤትሱራንሴኪ ከሆነ ከመደርደሪያ ያወጡትን መጽሐፍ ማንበብ ይችላሉ፤ ደብተር ዘርግተው ካንጂ መለማመድ ግን በብዙ ቦታ አይፈቀድም።
2. የሚያጠራጥር ከሆነ ይጠይቁ፤ «ሞቺኮሚ ኖ ሆን ዴ ቤንክዮ ሺቴ ሞ ኢይ ዴስ ካ»። ከቤት ባመጣሁት መጽሐፍ ባጠና ይፈቀዳል ወይ ማለት ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመነሣት ሁሉ ታድንዎታለች።
3. የማጥኛ ክፍሉ ወንበር በቁጥር የሚሰጥ ከሆነ ቁጥሩን ከመስተንግዶው ወይም ከማሽኑ ይውሰዱና በዚያ ቁጥር ብቻ ይቀመጡ። የተሻለ ወንበር መስኮት አጠገብ ባዶ ቢያዩም አይዛወሩ፤ ባለቤቱ ለምሳ ወጥቶ ይሆናል።
4. ሰዓት የተወሰነ ከሆነ የሚያበቃበትን ደቂቃ ይጻፉ። ማራዘም የሚቻለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ካልጠበቀ ነው።
5. ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ከሆነ የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ የሚፈቀድበትን ወንበር ይጠይቁ። ሶኬት ስላዩ ብቻ አይሰኩ፤ ለጽዳት ማሽን የተተወ ሊሆን ይችላል፤ ያለፈቃድ መሰካት እዚያ አገር እንደ ስርቆት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።
6. ስልክዎን ድምፁን ብቻ ሳይሆን ንዝረቱንም ያጥፉ። የጆሮ ማዳመጫዎን ከጆሮዎ አውጥተው በክንድዎ ርቀት ይያዙት፤ የሚሰማ ከሆነ ጎረቤትዎም ይሰማዋል።

ሴኪቶሪ፦ የተለመደው ጥፋት

እኛ አገር መጽሐፍ ወይም ነጠላ አስቀምጦ ቦታ መያዝ ነውር የለውም። በጃፓን ማጥኛ ክፍል ግን ዕቃ ትቶ ለረጅም ጊዜ መጥፋት ሴኪቶሪ ይባላል፤ የተከለከለ ነው። ሠራተኞቹ ሰዓት የተጻፈበት ማሳሰቢያ ጠረጴዛዎ ላይ ያኖራሉ፤ ጊዜው ካለፈ ዕቃዎን ሰብስበው መስተንግዶው ዘንድ ያስቀምጡታል። ለመጸዳጃ ወይም ለውኃ ከሆነ ይውጡ፤ ለምሳ ከሆነ ወንበሩን ይልቀቁ። ለጓደኛም ወንበር አይያዙ።

ችግር ቢያጋጥም

ቦታው ሞልቶ (ማንሴኪ) ካገኙት የተራ መጠበቂያ መኖሩን ይጠይቁ፤ ከሌለም የዚያው ክፍለ ከተማ ሌላ ቅርንጫፍ ይሂዱ። የመዋሻ ካርዱ በክፍለ ከተማው ቅርንጫፎች ሁሉ ስለሚያገለግል ሁለተኛ ምዝገባ አያስፈልግም። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የጃፓን ተማሪዎች ዕረፍት ላይ ስለሆኑ፣ እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በሚሰጥበት በጥርና በየካቲት ወንበር የሚገኘው በር ሲከፈት ለደረሰ ሰው ነው። በእነዚህ ወራት ከመክፈቻው 20 ደቂቃ ቀድመው በሰልፉ ይቁሙ።

ደረጃ 6፦ የሚጠቅምዎን መጽሐፍ ማግኘት

የጃፓን ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱን በቁጥር ነው የሚደረድሩት። በመጽሐፉ ጀርባ ካለው ወረቀት ላይ 810 የሚለው የጃፓን ቋንቋ ነው፤ 810.7 የሚለውን ሲያገኙ ደግሞ የጃፓንኛ ትምህርት መጻሕፍት ፊት ቆመዋል። ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ለሠራተኛ ቢያሳዩ ካንጂ ሳያነቡ መደርደሪያው ድረስ ይወስድዎታል።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው በደረጃ የተከፈለው የንባብ መጽሐፍ ነው፤ «ታዶኩ ኖ ሆን» ብለው ይጠይቁ። ካላገኙ ወደ ልጆች ክፍል (ጂዶሾ) ይሂዱ፤ በካንጂው ላይ ንባቡ በትንሽ ሂራጋና (ድምፅን ብቻ በሚያመለክተው ቀላሉ የጃፓን ፊደል) የተጻፈበት መጽሐፍ ያለው እዚያ ነው። አንድ ጎልማሳ በትንንሽ ወንበሮች መካከል ተቀምጦ ሲያነብ እንግዳ ስለሚመስል መጽሐፉን ወስደው በአዋቂዎች ወለል ያንብቡ። የፊደል ብዛቱ ሳያስፈራዎ ከቀላሉ ይጀምሩ፤ በገጽ ከአምስት በላይ የማያውቁት ቃል ካለ መጽሐፉ ከደረጃዎ በላይ ነው ብዬ ነው እኔ የምመዝነው።

ማስጠንቀቂያዎች፦

በተዋሱት የፈተና መለማመጃ ላይ በእርሳስም ቢሆን አይጻፉ፤ መልሱን በደብተርዎ ያስፍሩ። ገጽ ቢቀደድ በራስዎ ፕላስተር አይለጥፉት፤ የተራ ፕላስተር ሙጫ ወረቀቱን ያበላሻልና ለሠራተኛ አሳይተው ይተዉት። መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም በውኃ ቢበላሽ ያንኑ መጽሐፍ ገዝተው እንዲተኩ ይጠየቃሉ። ቀኑ ካለፈ ሌላ መጽሐፍ መዋስ ይታገድብዎታል፤ ስለዚህ ቤቱ ሲዘጋ ደጃፍ ላይ ባለው የመመለሻ ሳጥን ያስገቡት፤ የድምፅ ዲስክ ግን ስለሚሰበር በመስተንግዶው ብቻ ይመልሱ።

ማባዛት ከፈለጉ ቅጽ ይሞላሉ። በቤተ መጻሕፍቱ ማሽን የሚባዛው የቤቱ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ በቅጂ መብት ሕጉ መሠረትም ለአንድ ሰው አንድ ቅጂ፣ ከአንድ ሥራ እስከ ግማሹ ድረስ ነው። የራስዎን ደብተር ለማባዛት ኮንቢኒ (በየሰፈሩ ያለ ትንሽ ሱቅ) ይሂዱ፤ በጥቁርና ነጭ አንድ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ 10 የን ነው።

ደረጃ 7፦ ድምፅ ለሚወጣበት ጥናት ቦታ መፈለግ

ጸጥ ያለ ክፍል ብቻ የለመደ ተማሪ አንብቦ ይረዳል፣ ሲጠየቅ ግን አፉ አይከፈትም። ከቅጂው ጋር እኩል መናገር (ሻዶይንግ) በየቀኑ ያስፈልጋል፤ በቀጭን ግድግዳ በተለያየ የተማሪ መኖሪያ ግን ጎረቤት ይከሳል።

1. መጀመሪያ ባዶ የመማሪያ ክፍል ይጠይቁ።
2. ካልተገኘ የወንዝ ዳርቻ ይሂዱ፤ በአራካዋና በኤዶጋዋ ዳር ሰዎች መለከት ሳይቀር ስለሚለማመዱ የሚገላምጥዎ የለም።
3. ዝናብ ከሆነ ወይም የቃለ መጠይቅ ልምምድ ከሆነ በሥራ ቀን ቀትር ላይ የካራኦኬ ክፍል ይከራዩ። የቀን ዋጋው ከማታውና ከቅዳሜና እሑዱ በጣም ይረክሳል። ከመግባትዎ በፊት መጠጥ ማዘዝ ግዴታ መሆኑን (ዋን ኦዳ) እና ዋጋው በ30 ደቂቃ ወይም በቀን መሆኑን ይጠይቁ፤ የሂሳብ አለመግባባት የሚነሣው ከዚህ ነው። ከጎን ያለው ዘፈን እንዳይረብሽዎ የኮሪደሩን መጨረሻ ክፍል ይለምኑ።

በባቡር ውስጥ ድምፅ አያሰሙ፤ ከንፈር ብቻ ማንቀሳቀስ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ሁሉም ቦታ ሲዘጋ

ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 3 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው ዝግ ናቸው። ያን ጊዜ የቀረው የቤተሰብ ምግብ ቤት (ፋሚሬስ) ነው፤ «ዶሪንኩ ባ» አዝዘው ደጋግመው እየቀዱ ይቀመጣሉ። በምሳና በእራት ሰዓት አይያዙት፤ ጥናት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ የለጠፈ ቤት ካጋጠመዎትም አይግቡ።

በወር የሚከፈልበት የግል ማጥኛ ክፍል (ዩርዮ ጂሹሺትሱ) ሌሊት ስለሚከፈት ለባይቶ ሠራተኛ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ውሉን ለአስተማሪ ሳያስነብቡ አይፈርሙ። የመግቢያ ክፍያ መኖሩን፣ ውሉ በራሱ የሚታደስ መሆኑንና ለማቋረጥ ስንት ጊዜ አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ ይለዩ። አንድ የማውቀው ተማሪ ክፍሉን መጠቀም ካቆመ በኋላ ሁለት ወር ከባንክ ሲቆረጥበት ቆይቷል፤ የቃል ስንብት በቂ መስሎት ነበር። ለአንድ ቀን የሚከራይ ካለ በወር ውል አይጀምሩ።

ደረጃ 9፦ የፈተና ሰሞን

የጃፓንኛ ቋንቋ ብቃት ፈተናው በጃፓን በሐምሌና በታኅሣሥ የመጀመሪያ እሑድ ይሰጣል፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚፈለገው የውጭ ተማሪዎች ፈተና ደግሞ በሰኔና በኅዳር ነው (ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት የ810.7 መደርደሪያ ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ የመለማመጃ መጽሐፉን ከሁለት ወር በፊት ያስያዙ፤ የተያዘልዎ መጽሐፍ ሲደርስ በተወሰኑት ቀናት ውስጥ ካልወሰዱት ወደ ቀጣዩ ሰው ያልፋል።

በዚህ ሰሞን ከትምህርት ክፍል ቀርቶ በቤተ መጻሕፍት ማጥናት የሚመርጡ አሉ። አያድርጉት። ቪዛ ሲታደስ የሚታየው የመገኘት መጠንዎ እንጂ በቤተ መጻሕፍት ያሳለፉት ሰዓት አይደለም፤ የመገኘት መጠኑ ዝቅ ያለ ተማሪ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ይጠበቅበታል፣ እንዲያም ሆኖ ሊከለከል ይችላል።

ደረጃ 10፦ ቤት ሲቀይሩና ከአገር ሲወጡ

አድራሻ ከቀየሩ በኋላ ኩያኩሾ ሄደው ካርድዎ ላይ ያስጽፉ፤ ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱንም ያሳውቁ፤ የመዘግየት ማስታወቂያ ወደ አሮጌው ቤት ከሄደ አይደርስዎትም። ከጃፓን ለመውጣት ሲዘጋጁ ከበረራዎ ቢያንስ ሦስት ቀን በፊት መጻሕፍቱን ሁሉ በመስተንግዶው መልሰው «ዜንቡ ሄንክያኩ ዴኪቴ ኢማስ ካ» ብለው በመዝገባቸው ምንም አለመቅረቱን ያስረጋግጡ፤ የመዋሻ ካርዱን፣ የትምህርት ቤቱን ቁልፍና የማጥኛ ክፍሉን ካርድም በዚያው ሳምንት ያስረክቡ።